የወርቅ ሳንቲሙን ብርቅ ያደረገው ማቅለጫው ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በአሜሪካ ስለታተሙት የወርቅ ሳንቲሞች ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ ጉዳዩን ለአንባቢ ስላቀረባችሁትም አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ የሳንቲሞቹ ዋጋ የናረው በጥቂቱ ስለታተሙ ነው የሚለው ሐሳብ ጀማሪ ሰብሳቢዎችን የሚያሳስት ስለሆነ በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 በፊላደልፊያ 2,938,250 ባለ 20 ዶላር የወርቅ ሳንቲሞች ታትመዋል፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 4,463,000 ባለ 10 ዶላር። ቁጥሩን ብቻ ለሚያይ ሰው ሁለቱም እንደ ልብ የሚገኙ ይመስሉታል። ነገር ግን የ1932ቱ ባለ 10 ዶላር ዛሬም በቀላሉ ሲገኝ፣ የ1931ዱ ባለ 20 ዶላር በታላላቅ ጨረታዎች ላይ እንኳ ከስንት አንዴ ነው የሚታየው። ልዩነቱ የመጣው ሳንቲሞቹ ከታተሙ በኋላ ከሄዱበት ቦታ ነው። ባለ 10 ዶላሮቹ በብዛት ወደ ባንኮች ወጡ፣ ብዙዎቹም ባሕር ተሻግረው በአውሮፓ ባንኮች ካዝና ተቀመጡ፤ ባለ 20 ዶላሮቹ ግን አብዛኞቹ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ሳይወጡ ቀሩ። እኔ ራሴ ይህን ሳላውቅ፣ አንድ ሻጭ “የድቀቱ ዘመን ብርቅ ነው” ስላለኝ ብቻ ለ1932ቱ ሳንቲም ከወርቅነቱ ዋጋ እጅግ የበለጠ ገንዘብ ከፍያለሁ፤ ሌላ ሰው እንዲህ እንዲጎዳ አልፈልግም።

ቀጥሎ የመጣው ማቅለጫው ነው። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ኤፕሪል 5 ቀን 1933 ባወጡት ትእዛዝ ዜጎች የወርቅ ሳንቲምና ጥፍጥፍ ወርቃቸውን እስከ ሜይ 1 ድረስ ለባንክ እንዲያስረክቡ ተገደዱ፤ ለአንድ አውንስም 20.67 ዶላር ተከፈላቸው። በጃንዋሪ 1934 የመንግሥት ዋጋ ወደ 35 ዶላር ከፍ ሲል የጭማሪው ተጠቃሚ ያስረከበው ሕዝብ አልነበረም። የተሰበሰበውም ሆነ በግምጃ ቤት የነበረው ሳንቲም ቀልጦ ጡብ ወርቅ ሆነ። የሳንቲሞቹን ምስል የነደፈው የቀራፂው ኦገስተስ ሴንት ጎደንስ ድንቅ ሥራ በሚሊዮን እየተቆጠረ ወደ እሳት መግባቱን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጽሑፋችሁ በዚያን ጊዜ ሰብሳቢዎች ሁሉ ስብስባቸውን ለመደበቅ ተገደው እንደነበር የሚገልጸውም መታረም አለበት። ትእዛዙ ለእያንዳንዱ ሰው እስከ 100 ዶላር የሚደርስ የወርቅ ሳንቲም ይፈቅድ ነበር፤ ለሰብሳቢዎች የተለየ ዋጋ እንዳላቸው የታወቁ ብርቅዬ ሳንቲሞችንም ከግዴታው ነፃ አድርጓል። ከ1933 በፊት የታተሙ ብዙ ናሙናዎች ከጥፋት የተረፉት በከፊል በዚህ አንቀጽ ምክንያት ነው።

የ1933ቱ ባለ 20 ዶላር ግን ለብቻው መታየት ያለበት ነው። 445,500 ቢታተምም ለዝውውር በይፋ አልወጣም፤ ሁለቱ ለስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተሰጥተው ሌላው እንዲቀልጥ ተወሰነ። ጥቂቶች ሾልከው የወጡ ቢሆንም፣ በግለሰብ እጅ እንዲቆይ መንግሥት በይፋ የፈቀደው የግብፁ ንጉሥ ፋሩቅ እንደነበረ የሚታመነውን አንዱን ነው፤ እሱም በ2002 ከ7.5 ሚሊዮን፣ በ2021 ከ18.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ስለዚህ ዋጋውን በሌሎቹ ዓመታት ሳንቲሞች ላይ መለኪያ ማድረግ አይገባም።

በጉዳዩ ላይ ወደፊት ስትጽፉ ከኅትመቱ ብዛት ጎን ለጎን የተረፉትን ግምት እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የተባሉት፣ ሳንቲም መርምረው የጥራት ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች ያዩዋቸውን ሳንቲሞች ቁጥር በየጊዜው ያሳትማሉ፤ አንድ ሳንቲም የተሻለ ደረጃ ፍለጋ ደጋግሞ ሊቀርብ ስለሚችል፣ ቁጥሩ ከእውነተኛው ሊበልጥ እንደሚችልም ለአንባቢ ቢገለጽ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ሳንቲም ሰብሳቢ የሆኑ አንባቢያችሁ