ለወላጆች፦ ስለ ኢነርጂ ትምህርቱ እቤት እንድታግዙን

ውድ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የአምስተኛ ክፍል ልጆች ከሰኞ ጀምሮ ሳይንስ ላይ የኢነርጂ ዓይነቶችን ሊጀምሩ ስለሆነ እናንተም እንድታግዙን ብዬ ነው የምፅፍላችሁ።

ስሞቹን ቶሎ ነው የሚይዙት፣ ሙቀት፣ ብርሃን፣ ድምፅ፣ ኤሌክትሪክ ምናምን እያሉ በአንድ ትንፋሽ ይደረድሩላችኋል፣ ግን መደርደሩ ብቻውን አይበቃም። እኛ የምንፈልገው አንድ ነገር ሲያዩ "ይሄ ኢነርጂ ከየት መጣ? አሁንስ ወዴት ሄደ?" ብለው እንዲጠይቁ ነው፣ ምክንያቱም ኢነርጂ አይጠፋም፣ መልኩን ነው የሚቀይረው።

ወፈር ያለ ላስቲክ ስጧቸው፣ ከዓይናቸው አርቀው ቶሎ ይለጥጡትና ወዲያው ከንፈራቸውን ያስነኩት፣ ሞቅ ይላል። እንደተለጠጠ ትንሽ አቆይተው ጫፉን ሳይለቁ ሲመልሱት ደግሞ ቀዝቀዝ ይላል። "እጄ ነው ያሞቀው" የሚል ልጅ ካለ በጣም ደስ ይለኛል፣ አትከራከሩት፣ መሃሉን ሳይነካ ዳርና ዳሩን ይዞ ደግሞ ይሞክረው።

ኳስም ስትነጥር እያነሰች እያነሰች ሄዳ ትቆማለች፣ ልጆቹ "ኢነርጂዋ አለቀ" ይላሉ፣ አላለቀም፣ ወደ ድምፅና ወደ ሙቀት ሄዷል፣ ሙቀቱ ትንሽ ስለሆነ ነው በእጅ የማይታወቀው። ጄምስ ጁል የሚባለው እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ) ይሄንን ነው የለካው፣ ክብደት ወደ ታች ሲወርድ ውሃ ውስጥ ያለ መቅዘፊያ እንዲያሽከረክር አድርጎ ውሃው ስንት እንደሞቀ አየ። አንድ ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ የሚፈጀው ኢነርጂ ያንኑ ውሃ ከ420 ሜትር በላይ ወደ ላይ ለማንሳት ይበቃል፣ ይሄንን ስትነግሯቸው ፊታቸውን እዩልኝ!

አደራ የምላችሁ፣ ሶኬት እንዳይነካኩ፣ ባትሪ እንዳይከፍቱ፣ የጋለ አምፖል እንዳይነኩ። መልሱንም ቶሎ አትንገሯቸው፣ ተሳስተውም ቢሆን መጀመሪያ ራሳቸው ይገምቱ።

የቤት ሥራው እቤት ካለ አንድ ዕቃ ተነስተው ኢነርጂው የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ እየተከተሉ መሳል ነው። አብዛኛው ፀሐይ ላይ ያደርሳቸዋል፣ ከመሬት ውስጥ ሙቀት ወይ ከኒውክሌር የሚመጣው ግን አያደርስም፣ እዛ ላይ ቢደናገሩ ችግር የለም፣ ክፍል ውስጥ እናየዋለን። ስዕሉን አርብ ይዘው ይምጡ።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር