የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በማጥበቅ አይድንም

ክቡር አዘጋጅ፣

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት በአዲስ አበባ የቤት ቧንቧ ቶሎ ይበላሻል። ጠፍቶ የቆየ ውሃ ሲመለስ መስመሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ዝገትና ደቃቅ አሸዋ ጠራርጎ ያመጣና ውሃውን የሚዘጋው ትንሽ ጎማ፣ ጎሚኒው፣ ሥር ይሸጉጠዋል። ማንጠባጠብ ሲጀምር ብዙው ሰው እጀታውን አጥብቆ ይዘጋል፣ ሲብስበት ፒንሳ ያነሳል። ጉዳቱ የሚብሰው ያኔ ነው፤ ከልክ በላይ የተጫነ ጎሚኒ ይቆረጣል፣ ጎሚኒው ሲያልቅ ናስ ከናስ ይፋተጋል፣ ጎሚኒው የሚያርፍበት የናስ ከንፈርም ይበላል። በአንድ ጎሚኒ ይድን የነበረ ቧንቧ እንዲሁ ይጣላል።

በሰከንድ አንድ ጠብታ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በወር ደግሞ 6 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል። ውሃ ለመቅዳት በሌሊት ለሚነሳ ቤተሰብ ይህ ብዙ ነው።

ሥራው ውሃውን ከመዝጋት ይጀምራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ሮቶ ያለው ቤት ቆጣሪው ጋ ያለውን ቫልቭ ብቻ ዘግቶ ቧንቧ ከፈታ የሮቶው ውሃ ቤቱን ያጥለቀልቀዋል። የሮቶው መውጫም ይዘጋ። ለሙቅ ውሃ ቧንቧ ከሆነ ቦይለሩን አጥፍቶ ውሃ የሚያስገባበትን ቫልቭ መዝጋት ይቀድማል።

ቀጥሎ ቧንቧውን ከፍቶ የቀረውን ውሃ ማፍሰስና ብሎን እንዳይገባበት የሲንኩን ቀዳዳ በጨርቅ መድፈን ነው። የእጀታው ብሎን በካቻቢቴ ተፈትቶ እጀታው ሲወጣ ባለ ስድስት ማዕዘኑ ራስ ይታያል፤ የሚፈታው ወደ ግራ ነው። የቧንቧው አካል በሌላ ቁልፍ ካልተያዘ አብሮ ይዞርና ግድግዳ ውስጥ ያለው መጋጠሚያ ይላላል። ያ ፍሳሽ የሚታወቀው ግድግዳው ሲረጥብ ነው። አልፈታም ካለ በመዶሻ መምታት ናሱን ይሰነጥቀዋል፤ ነጭ ቅርፊት ከያዘው አቸቶ የነካ ጨርቅ ጠቅልሎ ለጥቂት ሰዓት መተው ይሻላል።

ከተፈታው ራስ ታች ያለውን አሮጌ ጎሚኒ ይዞ ሱቅ መሄድና በስፋቱም በውፍረቱም እኩያውን መግዛት ያስፈልጋል። ከከመነዳሪ የተቆረጠ ለአንድ ሌሊት ቢይዝ እንጂ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይበሳል። አዲሱ ከመግባቱ በፊት በከንፈሩ ዙሪያ ጣት ይዙርበት። ስንጥቅ ወይም ጎድጓዳ ከተገኘ ከንፈሩ ካልተሞረደ አዲሱም ጎሚኒ አይበረክትም። ውሃው የሚወጣው ከእጀታው ሥር ከሆነ ግን ያለቀው በዘንጉ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት ነው። እሱን በቫዝሊን ወይም በሞተር ዘይት ማለስለስ ጎማውን ያሳብጠዋል፤ የሲሊኮን ግሪስ ይሁን።

በሩብ ዙር የሚከፈቱት ቧንቧዎች ጎሚኒ የላቸውም። ሁለት የሴራሚክ ዲስኮች ናቸው ውሃውን የሚይዙት፤ አሸዋ ከጫራቸው ዲስኮቹን የያዘው ክፍል፣ ካርትሬጁ፣ ሙሉ ለሙሉ ይቀየራል። የጥርሱ ቁጥርና ቁመቱ ከቧንቧ ቧንቧ ስለሚለያይ፣ የሙቁና የቀዝቃዛውም መዞሪያ ተቃራኒ ሊሆን ስለሚችል፣ አሮጌውን ሳይዙ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ውሃ ከፈረቃ ሲመለስ የመጀመሪያው ድፍርስ በግቢው ቧንቧ ይፍሰስ፣ የወጥ ቤቱ ቆይቶ ይከፈት።

የቧንቧ ዕቃ ነጋዴዎች ሙሉ ቧንቧ ብቻ ሳይሆን ጎሚኒና ካርትሬጅ ለየብቻ እንዲያስመጡ እንጠይቃለን። ቤት የምታከራዩም በየሲንኩ ሥር አንድ መዝጊያ ቫልቭ አስገቡ፤ አንዱ ተከራይ ጎሚኒ ሲቀይር ግቢው በሙሉ ውሃ አያጣም።

የቧንቧ ሠራተኞች፣ ከአዲስ አበባ