የቤት ውስጥ ደግነትም ይጻፍ

በጋዜጣችሁ የሚወጡ የሟቾች የሕይወት ታሪኮች ትምህርትን፣ ሥራንና ማዕረግን ዘርዝረው፣ ቤቱን በትዕግሥት ያቆመውን አባት «ባለትዳርና የልጆች አባት ነበሩ» በሚል አንድ መስመር ያልፉታል። ይህ ሊስተካከል ይገባል።

በቅርቡ እዚህ ጅማ የቀበርናቸው ጎረቤታችን ሥልጣን አልነበራቸውም። ሱብሒ ሰግደው ከመስጊድ ሲመለሱ፣ ለታመሙት ባለቤታቸው ቁርሱን በእጃቸው ያጎርሱ ነበር። ልጅ ሲያጠፋ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ ይጠይቁታል። ጎረቤት ሲጣላ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቃላቸውን ያምን ነበርና። ለቀስተኛው ሁሉ ያነሣው ይህንኑ ነው፤ የኀዘን መግለጫው ግን የያዘው የሥራ ዘመናቸውን ብቻ ነበር።

ንጉሥ አባ ጅፋርን ጅሬን ላይ የቆመው ቤተ መንግሥታቸው ያስታውሰናል። እንደ ጎረቤታችን ያለውን ሰው ግን የሚያስታውሱት የሚያውቁት ናቸው፤ እነሱም ያልፋሉ። ደግሞም አዲስ አባት የሆነ ወጣት ከሹመት ዝርዝር ምን አርአያ ያገኛል?

ስለዚህ ጋዜጣው በወር አንድ ጊዜ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ዓምድ ይክፈት። የእድር ጸሐፊዎችም በሦስተኛው ቀን ከቤተሰብና ከጎረቤት ቃል ተቀብለው፣ ቤተሰቡ ሲፈቅድ ከአንድ ገጽ ሳያስበልጡ ይላኩ።

አንድ አንባቢ፣ ከጅማ