የሽምብራው ነቀዝ ሌላ ነው

ውድ አዘጋጅ፣ ስለ ነቀዝ ባወጣችሁት ጽሑፍ የስንዴውንና የሽምብራውን አንድ ላይ ጨፍልቃችኋቸዋል። የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም። የሽምብራው ነቀዝ ጂነስ (የቅርብ ዘመዳሞች ዝርያዎች ምድብ) ካሎሶብሩከስ ይባላል፣ ቤተሰቡም የቅጠል ጥንዚዛዎች ነው። ስሙ ብዙ ተንከራቷል! ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ከነስንዴ ነቀዝ፣ ከአፈ ሹሎቹ ጥንዚዛዎች ጋር መደበው፤ ፈረንሳዊው የነፍሳት አጥኚ ፒክ በ1902 ይህን ጂነስ አወጣለት፤ ከዚያም ለረጅም ጊዜ ራሱን በቻለ ቤተሰብ ውስጥ ቆይቶ ነው ወደ ቅጠል ጥንዚዛዎቹ የገባው። ነገሩ የስም ብቻ አይደለም። የስንዴዋ ነቀዝ እህሉን በአፏ በስታ እንቁላሏን ውስጥ ትደብቃለች። የሽምብራዋ ግን ከላይ ትለጥፋለች፤ ነጭ ነጥብ መስሎ በዓይን ይታያል። ጎተራውን የሚፈትሽ ገበሬ ይህን ካወቀ ሽምብራው ተበስቶ ሳያልቅ ይደርስበታል። እባካችሁ በሚቀጥለው እትም አስተካክሉት።