ስልክዎን ለጥገና ከማስረከብዎ በፊት

ለውድ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ ለጥገና በሚገቡ ስልኮች ውስጥ ያለውን የግልና የገንዘብ መረጃ ስለ መጠበቅ

ስልክ ሊያሠሩ ከሚመጡ ደንበኞቻችን ብዙዎቹ የመክፈቻ ኮዳቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ይሰጡናል። አንዳንዶቹም ሳንጠይቃቸው የቴሌብር ሚስጥር ቁጥራቸውን ይጨምሩበታል። ለጣሉብን እምነት እናመሰግናለን። ይሁንና ስክሪን ለመቀየር የቴሌብር ቁጥር የሚያስፈልገው ባለሙያ የለም። እኛ ዘንድም ሆነ ሌላ ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ ከቀረበልዎ ስልክዎን ተቀብለው ይሂዱ።

ከሁሉ አስቀድመን የምንለምንዎ ሲም ካርዱን አውጥተው እንዲያስቀሩት ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሲም ካርድ ከመደወያነት አልፎ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። በ*127# የሚገኘው አገልግሎት ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የእርስዎ ቀፎ መሆን አለመሆኑም አይገደውም። ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ የሰካ ሰው የሚቀረው ሚስጥር ቁጥሩን ማወቅ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ 123456 ወይም የልጅዎ የልደት ቀን ከሆነ ደግሞ ብዙም አይደክምም። ከባንክ የሚላከው የማረጋገጫ ኮድ የሚገባው በዚያው ሲም ነው። የቴሌግራም መግቢያ ኮድም እንዲሁ በጽሑፍ መልእክት ሊመጣ ይችላል። ቴሌግራምዎን የወሰደ ሰው በእርስዎ ስምና ፎቶግራፍ «ቸግሮኝ ነው፣ እስከ ማታ እመልሳለሁ» እያለ ከአክስትዎ ጀምሮ ብር ይለምናል፤ አክስትዎም ሳይጠራጠሩ ይልካሉ። ስለዚህ በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ያለውን ሁለተኛ የይለፍ ቃል ዛሬውኑ ያብሩት፤ ኮዱ ቢሰረቅ እንኳ ያለዚያ ቃል መግባት አይቻልም። ለኔትወርክና ለጥሪ መሞከሪያ እኛ የራሳችን ሲም አለን።

የመክፈቻ ኮዱን በተመለከተ፣ ባትሪ ወይም የቻርጅ መሰኪያ ለመቀየር አያስፈልገንም። ስክሪን ከተቀየረ በኋላ ግን ንክኪው፣ ካሜራውና ድምፁ መሞከር አለባቸው። ያን ጊዜ ራስዎ ከፍተው አጠገባችን ቁጭ ብለው ቢያዩ ደስ ይለናል። ለመጠበቅ ጊዜ ከሌለዎት፣ በአዳዲስ የሳምሰንግ ስልኮች ላይ «ሜይንተናንስ ሞድ»፣ በጎግል ፒክስል ላይ ደግሞ «ሪፔር ሞድ» የሚባል አገልግሎት አለ። ሲያበሩት ፎቶዎችዎ፣ መልእክቶችዎና አካውንቶችዎ ይሰወራሉ፤ ባለሙያው የሚያየው ባዶ ስልክ ነው። አያያዙን ካላወቁት መስኮታችን ላይ እናሳይዎታለን። ውኃ ገብቶበት በጠፋ ስልክ ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም። እንዲህ ያለው ስልክ ሲበራ ደውለን እንጠራዎታለን፣ መጥተው ራስዎ ይከፍቱታል።

ስለ አካውንት ትንሽ ረዘም አድርገን መናገር አለብን፤ ብዙ መዘዝ የምናየው እዚህ ላይ ነውና። የጂሜይል ወይም የአፕል አካውንትዎን የከፈተልዎ ማን ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ «ስልኩን የሸጠልኝ ልጅ» ወይም «ከዱባይ የላከልኝ ወንድሜ» የሚል ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ደግሞ የአካውንቱ ባለቤት እሱ ነው። ወደዚያ አካውንት የሚቀመጡትን ፎቶዎችና የስልክ ቁጥሮች ከሌላ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ማየት፣ ስልኩንም ከሩቅ መቆለፍ ይችላል። ሻጩ ክፉ ሰው ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን አብዛኛው ሻጭ ለብዙ ደንበኛ አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ሰጥቶ ወዲያው የሚረሳ ሰው ነው፤ ይህም የባሰ ነው። ስልኩ እንደ አዲስ ተደምስሶ ሲነሣ የቀድሞውን አካውንት ይጠይቃል፣ የሚያስታውሰውም አይኖርም። በዚህ ምክንያት እኛ ለደንበኛ አካውንት በእጃችን አንከፍትም። ወንበር እንሰጥዎታለን፣ እርስዎ ይጽፋሉ፣ የይለፍ ቃሉ ላይ ሲደርሱ ፊታችንን እናዞራለን። ወረፋው ይረዝማል፤ የሚያጉረመርሙብንም አሉ።

አሮጌ ስልክዎን ሲሸጡ መጀመሪያ አካውንትዎን ከስልኩ ያውጡ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይደምስሱት። ባለፉት ዓመታት የወጡት ስልኮች መረጃቸውን መስጥረው ስለሚያስቀምጡ፣ ከተደመሰሱ በኋላ የድሮ ፎቶ መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሜሞሪ ካርድ ግን እንዲህ አይደለም። የጠፋ የመሰለ ፎቶ በነፃ በሚገኝ ሶፍትዌር ሊመለስ ይችላል፤ የፋይዳ መታወቂያና የፓስፖርት ፎቶም አብሮ ይመለሳል። ካርዱን አይሽጡት፤ ዋጋውም ያን ያህል አይደለም።

እኛ የምንመዘግበው ስምዎን፣ ስልክ ቁጥርዎንና *#06# ሲደውሉ የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ የቀፎ መለያ ብቻ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ መሰብሰብን አይፈቅድም። አዋጁ ባይኖርም የመታወቂያ ኮፒዎ ለእኛ ምን ያደርግልናል?

በመጨረሻም፣ «ከጥገና ቤቱ ነው፣ አሁን የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩን» ብሎ የሚደውል ሰው ከእኛ አይደለም። ቅድመ ክፍያም በስልክ አንጠይቅም፤ ሒሳብ የሚከፈለው ስልኩን ፈትሸው ሲረከቡ ነው። ኮዱን ነግረውት ከሆነ ጊዜ ሳያጠፉ ሚስጥር ቁጥርዎን ይቀይሩ፣ ባንክዎን ሒሳቡን እንዲያግድ ይጠይቁ፣ ለቴሌብር ደግሞ ከማንኛውም የኢትዮ ቴሌኮም ስልክ ወደ 994 ይደውሉ።

ከሰላምታ ጋር
የጥገናና የደንበኞች አገልግሎት ክፍል