ሐረር ሄጄ ጫማዬን ሳወልቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንዴት ናችሁ? የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ባለፈው ለሰርግ ድሬዳዋ ሄጄ እግረ መንገዴን ሐረር ጎራ አልኩና በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ ጀጎልን አየሁት፣ ግንቡ የሐረር ገዢ የነበሩት የአሚር ኑር ነው፣ የ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዩኔስኮም በ2006 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ውስጡ 82 መስጊድ አለ ሲሉኝ የቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ግን በጠባቧ መንገድ በታጠፍኩ ቁጥር አንድ አገኛለሁ፣ አንዳንዱማ የኛን ሳሎን ቢያህል ነው!

ጃሚዕ መስጊድ በር ላይ ቆሜ ነጠላዬን ሳስተካክል አንድ ሽማግሌ "ግቢ ልጄ፣ ጫማሽን ብቻ አውልቂ" አሉኝ። ኧረ ጫማ ማውለቅ ለጎጃም ሰው ይነገረዋል እንዴ፣ ቤተክርስቲያን ስንሳለም ያደግንበት አይደል። እስከ ግቢው ብቻ ገባሁ፣ ሰዉ ለሶላት እጅ እግሩን እየታጠበ ነበር፣ የረጠበው ድንጋይ እግሬን ሲያቀዘቅዘኝ የሰፈራችን ደጀሰላም ትዝ አለኝ።

ያናደደኝ አስጎብኚ ነኝ ያለኝ ልጅ ነው፣ በ300 ብር ተስማምተን መጨረሻ ላይ 800 አለኝ፣ ታሪክ ስጠይቀው ደግሞ ስልኩን ይነካካል። በር ላይ በአማርኛም በሐረሪም ትንሽ ጽሑፍ ቢለጠፍ ምን አለበት?

እናንተም በዓል በመጣ ቁጥር ላሊበላና ጣና ብቻ አትበሉ፣ ስለ ሐረርም ትግራይ ስላለው ስለ አልነጃሺ መስጊድም ጻፉልን እስቲ።

አንባቢያችሁ ነኝ፣ ከደብረ ማርቆስ