እማዬ፣ ሸክላ አወጣን

ይድረስ ለውድ እናቴ፤ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ፊደሉን ያጎላሁት ለዓይንሽ ብዬ ነው።

ባለፈው በስልክ «ያንን አዝማሪነትህን አልተውክም ወይ?» ስትይኝ ኔትወርክ አስቸገረኝ ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር። አልተውኩም እማዬ። ጭራሽ ከባንዴ ጋር አልበም አወጣን። ያውም በሸክላ።

የምንጫወተው መጠጥ ቤት ነው፤ መቼም መጠጥ ቤት ሲባል ሆድሽ ይረበሻል። እዚህ ለንደን ፐብ የሚሉት ግን የሰፈሩ ሰው ሳሎን በይው። ውሻ ጠረጴዛ ሥር ተጋድሞ ይተኛል፤ አሮጊቶች ጥጋቸውን ይዘው ያወራሉ። ዓርብ ከሆነ የኔ ነገር ለስላሳና ድንች ጥብስ ብቻ ነው። (የዓሣውን ክርክር ካንቺ ጋር አልጀምርም።) ቅዳሜ ግን አንድ ሁለት ቢራ አለች፤ አልዋሽሽም። ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲሆን ድምፅ ማጉያው ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። አንቺና አባዬ በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ይዟችሁ ሆቴል ውስጥ ባንድ ስትሰሙ እንዳነጋችሁ አክስቴ ነግራኛለች። እኛ እንዲህ አላደርንም!

ፐብ ውስጥ ሮክ መጫወቱን እኛ አልጀመርነውም። በፈረንጅ 1971 እዚሁ ለንደን ኬንቲሽ ታውን ውስጥ ታሊ ሆ የሚባል የጃዝ ፐብ ነበር። ኤግስ ኦቨር ኢዚ የሚባሉ አሜሪካኖች እዚያ መጫወት ጀመሩና ወሬው ከፐብ ወደ ፐብ ዞረ። ከካንቪ ደሴት ደግሞ ዶክተር ፊልጉድ የሚባሉ ልጆች መጡ። በ1976 መድረክ ላይ የተቀዳው አልበማቸው በእንግሊዝ አንደኛ ወጣ። እኛ የነሱ የልጅ ልጆች ነን፤ አንደኛ መውጣቱ ቀርቶብን።

አራት ነን። ዘፋኙ ፖስተኛ፣ ከበሮ መቺው ቧንቧ ሠራተኛ፣ ጊታሩን የሚጫወተው ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ። እኔ ቀን ባስ እነዳለሁ፣ ማታ ቤዝ እመታለሁ። በፈረንጅ ከ2004 ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ እንለማመዳለን። የሚከፈለን ብር ለአራት ሲካፈል ነዳጅ አይሸፍንም።

አልበሙን የቀዳነው በ2 ቀን ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ቆመን፣ አራታችንም አንድ ላይ። ፖስተኛው ጉንፋን ይዞት ነበር። ድምፁ ሻከረ፤ እኔ እንዲያውም እንደዚህ ዘፍኖ አያውቅም እላለሁ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ እኔ አንድ ቦታ ቀድሜ ገባሁ። «ይደገም» አልኩ። አስተማሪው መነጽሩን እየወለወለ፣ «20 ዓመት ሙሉ እዚያ ቦታ ላይ ቀድመህ ስትገባ ኖረሃል። ዘፈኑ እንደዚያ ነው» አለኝ። ሳይደገም ቀረ።

የሸክላ አንዱ ገጽ ደህና ድምፅ እንዲኖረው ከ20 ደቂቃ ብዙም ማለፍ የለበትም። ዘፈን ከበዛበት መስመሮቹ ይጠባሉ፣ ድምፁ ይደክማል። ስለዚህ አንድ ዘፈን መቆረጥ ነበረበት። የማን ይመስልሻል? የኔ፣ ያ የችክችካ ምት ያለው። ሁለት ሳምንት አኮረፍኳቸው። ታውቂኝ የለ። 300 ሸክላ አሳተምን፤ 200ው አሁንም ቧንቧ ሠራተኛው ጋራዥ ውስጥ ከመፍቻዎቹ ጋር ተደርድሯል።

ሮክ ኤንድ ሮል የሰይጣን ጩኸት ነው ትይኛለሽ። በነጠላ ጠቅልለሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ያኖርሻቸው የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላዎችስ? «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ይባል የነበረው እሱ አይደል እንዴ? ልጅ ሆኜ ቤት ስትጠርጊ በሱ ዘፈን መጥረጊያ ይዘሽ ስትወዛወዢ አይቼሻለሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

አንድ ሸክላ ከነአዲስ መርፌው በሰው ልኬልሻለሁ። መርፌውን የእህቴ ልጅ ትቀይርልሽ፤ አንቺ እንዳትነኪው። አደራ፣ ያንቺዎቹ ትንንሾቹ በ45 ስለሚሄዱ ማጫወቻሽ ዕድሜውን ሙሉ 45 ላይ ነው ያለው። የኛ ትልቁ ነው፤ ቁልፏን 33 ላይ አድርጊያት። አለዚያ ጉንፋን የያዘው ፖስተኛ እንደ ጫጩት ነው የሚጮኸው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ቀድሞ የሚገባው እኔ ነኝ።

ልጅሽ፣ ከለንደን